ጥቁር ጌይና ባይሴክሹዋል ወንዶች ለኤች አይ ቪ ምርመራ የሚዘገዩት ለምንድን ነው? ከሥራዬ ያየሁትን ላካፍላችሁ

ሰላም_ከዲሲ

ሰላም ለሁላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የኤች አይ ቪ ምርመራና የምክር አገልግሎት ላይ ነው የምሠራው። ወደ እኛ የሚመጡት አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ናቸው። ከእነሱም ብዙዎቹ ጌይ ወይም ባይሴክሹዋል (ወደ ወንድም ወደ ሴትም የሚሳቡ) ናቸው። ሰሞኑን እዚሁ መድረክ ላይ አንድ ሰው «ምርመራው ነፃ፣ ክሊኒኩ መንገድ ዳር፣ ታዲያ ለምን አይመረመሩም?» ብሎ ጠይቆ አየሁ። ጥያቄው ቅን ነው። መልሱ ግን በሁለት መስመር ስለማያልቅ ለብቻው ክር ከፈትኩለት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የነገሩን ክብደት እንይ። በ2016 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ አንድ ስሌት ይፋ አድርጎ ነበር። ሁኔታው በዚያው ከቀጠለ ከሁለት ጥቁር ጌይና ባይሴክሹዋል ወንዶች አንዱ በዕድሜው ውስጥ ቫይረሱ ይገኝበታል አለ። ለነጮቹ ስሌቱ ከ11 አንድ ነበር። እዚህ ዲሲ ደግሞ በ2009 የወጣው የከተማው ሪፖርት ከ12 ዓመት በላይ ከሆነው ነዋሪ 3 በመቶው ቫይረሱ በደሙ እንዳለ አሳይቷል።

አሁን ወደ በራችን ልውሰዳችሁ። ከክሊኒካችን ፊት ለፊት የአውቶቡስ ፌርማታ አለ። አንድ ወጣት ይመጣና እዚያ ይቀመጣል። አውቶቡሱ ይመጣል፣ አይሳፈርም። ሌላው ይመጣል፣ አሁንም አይሳፈርም። ስልኩን ይነካካል። በራችንን ያያል። ሰው ሲወጣ ፊቱን ያዞራል። አንዳንዱ በመጨረሻ ተነሥቶ ይገባል። አንዳንዱ ቀጣዩን አውቶቡስ ይዞ ይሄዳል፤ መቼ እንደሚመለስ አላውቅም።

የገባው ደግሞ ቅጽ ይሰጠዋል። ስም፣ ዕድሜ፣ ኢንሹራንስ ቶሎ ቶሎ ይሞላል። ከማን ጋር ግንኙነት እንደሚፈጽም የሚጠይቀው መስመር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ይቆማል። የሴት ጓደኛ ያለችው ከሆነ «ከሴት» የሚለው ላይ ብቻ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ከዚያ ጣቱን እወጋለሁ። የመጀመሪያዋን ጠብታ በጥጥ እጠርጋታለሁ፣ ሁለተኛዋን እወስዳለሁ። እንደ መመርመሪያው ዓይነት ውጤቱ በአንድ ደቂቃም በ20 ደቂቃም ይደርሳል።

የልቡን የሚያወራው ያኔ ነው። ወሬው ስለ ቫይረሱ አይደለም። «እናቴ ብትሰማስ?» «የምኖረው ወንድሜ ቤት ነው፣ ያስወጣኛል።» «ቸርች ውስጥ ዘማሪ ነኝ።» መድኃኒት እንዳለ ያውቃሉ። በቀን አንድ ክኒን እንደሆነ ያውቃሉ። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሲቀንስ በወሲብ እንደማያስተላልፍ ከእኔ በፊት ይነግሩኛል።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። እነዚህ ልጆች መረጃ አላጡም። ያጡት ውጤቱን ይዘውለት የሚሄዱለትን ሰው ነው። ይህን ሳናስተካክል በራሪ ወረቀት ብንበትን ለውጥ አናመጣም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ጤና ላይ የምትሠሩ፣ ጉዳዩም በቀጥታ የሚነካችሁ ብትጽፉ ደስ ይለኛል።

አጥናፍ_ዳላስ

ሰላም፣ ጽሑፍሽን አንብቤዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን አላሳመነኝም። ቁጥሩ እንዲህ የተራራቀው የነጮቹና የጥቁሮቹ ባህርይ ስለሚለያይ አይደለም ወይ? ኮንዶም አለመጠቀም፣ ብዙ ጓደኛ መያዝ፣ የመሳሰለው። «ፍርሃት ነው፣ መገለል ነው» እያልን ሰውየው በራሱ ላይ ያለበትን ኃላፊነት እንዳናነሣለት እፈራለሁ። ለክፋት አይደለም የጠየቅኩት።

የጤና_ተማሪ_አትላንታ

አጥናፍ፣ ያነሣኸው ነገር ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት የሚዞር ነው። ደግነቱ በደንብ ተጠንቷል።

ግሪጎሪዮ ሚሌት የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ተመራማሪ አለ። እሱና ባልደረቦቹ እስከዚያ ድረስ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው ጥቁርና ነጭ ጌይ ወንዶችን አነጻጸሩ። ትልቁ ሥራቸው በ2012 ላንሴት ላይ ወጣ። ያገኙት ብዙ ሰው ከጠበቀው የተለየ ነው። ጥቁሮቹ ከነጮቹ የባሰ አደገኛ ባህርይ የላቸውም። አሜሪካ ውስጥ ቫይረሱ የሌለባቸው ጥቁሮች እንዲያውም ራሳቸውን ለመጠበቅ አንድ ነገር በማድረግ በልጠው ተገኙ። የተለያዩት በሌላ ነገር ነው፦ በገቢ፣ በኢንሹራንስ፣ ቫይረሱ ከተገኘባቸው በኋላ መድኃኒት በማግኘት።

ታዲያ ባህርዩ አንድ ከሆነ ቁጥሩ ለምን ተራራቀ? ሁለት ልጆችን አስብ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። ሁለቱም በዓመት አንድ ጓደኛ ብቻ ያዙ። ሁለቱም አልፎ አልፎ ኮንዶም ይረሳሉ። አሜሪካ ውስጥ ሰው ጓደኛ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ዘር ነው። የጥቁሩ ልጅ ክበብ ጠባብ ነው፤ በዚያ ጠባብ ክበብ ውስጥ ቫይረሱ ያለባቸውና መድኃኒት ያልጀመሩ ሰዎች በርከት ይላሉ። ስለዚህ አንዲቷ ስሕተት ለጥቁሩ ልጅ የምታስከፍለው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው።

ምርመራው እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ሲዲሲ በ2019 ባወጣው ትንታኔ በአገሪቱ ከነበረው አዲስ መተላለፍ 38 በመቶው የመጣው ቫይረሱ እንዳለባቸው ከማያውቁ ሰዎች ነው። ተመርምሮ አውቆ፣ መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ የቀነሰለት ሰው በወሲብ አያስተላልፍም። የዘገየው ሳያውቀው ሊያስተላልፍ ይችላል። መዘግየቱ ክበቡ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይነካል ማለት ነው።

ሌላም ልጨምርልህ። ከ2009 ጀምሮ በስድስት ከተሞች፣ ማለትም በአትላንታ፣ በቦስተን፣ በሎስ አንጀለስ፣ በኒው ዮርክ፣ በሳን ፍራንሲስኮና በዲሲ፣ 1,553 ጥቁር ወንዶችን ያሳተፈ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ቫይረሱ ካልነበረባቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት ካሉት መካከል በዓመት ከ100 ወደ 6 የሚጠጉት አዲስ ተያዙ። ይህ ቁጥር በየትኛውም አገር ቢታይ የሚያስደነግጥ ነው።

ኃላፊነትን በተመለከተ፣ መመርመር ራሱ ኃላፊነት ነው። እኛ እየጠየቅን ያለነው ያንን ኃላፊነት ለመወጣት ሲነሣ መንገዱ ላይ ምን ያጋጥመዋል የሚለውን ነው።

ስም_አይጠቀስ

ለመጻፍ አመንትቼ ነበር። ግን ስለ እኛ ሌላ ሰው ብቻ ሲያወራ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሐበሻ ነኝ። ያደግኩት ሜሪላንድ ነው። ጌይ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ቅጽ ስሞላ «ጥቁር» የሚለው ላይ ነው ምልክት የማደርገው፤ ስለዚህ ከላይ የተጻፈው ቁጥር ውስጥ አለሁበት። ቤታችን ግን ይህ ሁሉ «የጥቁር አሜሪካኖች ጣጣ» ነው የሚባለው።

የመጀመሪያ ጊዜ ልመረመር ስፈልግ በእናቴ ኢንሹራንስ ሥር ነበርኩ። እዚህ አገር እስከ 26 ዓመት ድረስ በወላጅ ኢንሹራንስ መቆየት ይቻላል። ኢንሹራንሱ ደግሞ ለምን እንደከፈለ የሚዘረዝር ደብዳቤ ወደ ቤት ይልካል። እናቴ ፖስታ ሁሉ ትከፍታለች። እንግሊዝኛው ሲከብዳት ለአክስቴ ታነብላታለች። ይህን እያሰብኩ ወራት አለፉ። ነፃ ክሊኒክ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ሲልቨር ስፕሪንግም ዲሲም የትም ብሄድ ሐበሻ አለ። ፓርኪንግ ላይ ሐበሻ፣ ሪሴፕሽን ላይ ሐበሻ። በመጨረሻ ባልቲሞር ሄድኩ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልኬን አጥፍቼ ነው የገባሁት።

ከዚያ በፊት አንድ ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር፤ የት እንደሆነ አልናገርም። ለጉንፋን ነበር የሄድኩት። ድፍረት አግኝቼ ኤች አይ ቪ መመርመር እፈልጋለሁ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ለምን? ምን አድርገህ ነው?» አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። «እንዲሁ ነው» ብዬ ወጣሁ። ያቺ ጥያቄ ረጅም ጊዜ አዘገየችኝ። «እሺ፣ አሁኑኑ እናድርገው» ቢለኝ ኖሮ ያን ቀን እገላገል ነበር።

ሌላው የማይነገረው ደግሞ ብቸኝነቱ ነው። ጥቁሮቹ ጋ ስትሄድ ጌይ ስለሆንክ አንገት ትደፋለህ። ጌዮቹ ጋ ስትሄድ ጥቁር ስለሆንክ ከዳር ትቆማለህ። የመተዋወቂያ አፖቹ ላይ «ጥቁር አልፈልግም» ብሎ በግልጽ የሚጽፍ ሞልቷል። ሐበሾቹ ጋ ደግሞ ጭራሽ የለህም። እንዲህ ስትኖር ለራስህ የምትሰጠው ዋጋ ይቀንሳል። ድብርት ሲይዝህ ከአልጋ መነሣት ያቅትሃል፤ እንኳን ቀጠሮ ይዘህ ክሊኒክ ልትሄድ።

ያ «ከሁለት አንዱ» የሚለው ቁጥርም አለ። ሰላም፣ ለእናንተ ማንቂያ ነው። እኔና ጓደኞቼ ስንሰማው ግን «እንግዲያው ለማንኛውም አይቀርልኝም» አልን። አንዱ ጓደኛዬ በግልጽ ብሎታል፦ «የሚመጣ ከሆነ ይምጣ፣ ቀድሜ አውቄ ምን ላደርግ?» ቁጥሩን ስታወሩ ይህንን አስቡት።

ሰላም_ከዲሲ

ስም_አይጠቀስ፣ ወንድሜ፣ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ስለ ቁጥሩ ያልከው እውነት ነው። እኔ ጋ የሚመጡ ወጣቶችም ይህንኑ ይሉኛል። ስለዚህ ወጣት ፊቴ ሲቀመጥ ያንን ቁጥር አላነሣም። የማነሣው ሌላውን ነው። ነጌቲቭ ከሆነ ዛሬውኑ መከላከያ መጀመር ይቻላል፣ ፖዚቲቭ ከሆነም ዛሬውኑ መድኃኒት መጀመር ይቻላል።

ሐኪሙ ስለጠየቀህ ነገር ለሚያነቡ የጤና ባለሙያዎች ሁሉ አንድ ነገር ልበል። ሲዲሲ ከ2006 ጀምሮ ከ13 እስከ 64 ዓመት ያለ ሰው ሁሉ እንደ ማንኛውም የደም ምርመራ እንዲመረመር ይመክራል። «ምን አድርገህ ነው?» ማለት አያስፈልግም። ሰውየው ሲጠይቅ «እሺ» ብቻ ነው መልሱ።

አወያይ

ስድብ የነበረባቸው መልእክቶች ተነሥተዋል። የማንም ሰው ስም፣ የሥራ ቦታ ወይም አጥቢያ እንዳይጻፍ። ውይይቱ ይቀጥል።

ዘማሪ_ሚኒሶታ

እኔ አቋሜን አልደብቅም። በሃይማኖቴ ይህን አኗኗር አልቀበለውም። ብዙዎቻችሁም ይህንኑ ታስባላችሁ፣ ዝም ብላችሁ ነው። ግን የታመመን መጠየቅ፣ የፈራን ማረጋጋት ግዴታችን ነው። ስም_አይጠቀስ የጻፈውን ሳነብ ሆዴ ተላውሷል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ቤተ ክርስቲያን ትምህርቷን ሳትቀይር በዚህ ጉዳይ ልትረዳ ትችላለች? ወይስ በቃ የችግሩ አካል ብቻ ናት?

ሰላም_ከዲሲ

ዘማሪ፣ በግልጽ ስለጠየቅክ በግልጽ ልመልስ። የረዱ አሉ። በ1989 ኒው ዮርክ ሃርለም ውስጥ ፐርኔሳ ሲል የምትባል ሴት ነበረች። ሃርለም ሆስፒታል የምትሠራ የኢሚዩኖሎጂ ባለሙያ ናት። የኤድስ ሕመምተኞች አልጋቸው ላይ ሆነው ጠያቂ ሲያጡ አየች። አብያተ ክርስቲያናትን፣ መስጊዶችን፣ ሌሎችንም ዞራ ሰብስባ የጸሎት ሳምንት አዘጋጀች። ከዚያ ነው ባልም ኢን ጊልያድ የሚባለው ድርጅት የተወለደው። ዛሬ አንዳንድ ፓስተሮች ምእመኑ ፊት ቆመው ይመረመራሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጎደሎውንም ግን ልንገርህ። ብዙ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ስለ ኤች አይ ቪ ስታወራ ስለ እናቶችና ስለ ሕፃናት ታወራለች። ጌዩ ልጅ እዚያው ከመዘምራኑ መካከል ቆሞ እየዘመረ ስለ እሱ ቃል አይተነፈስም። ሲተነፈስም ስብከቱ ላይ እንደ ርኩሰት ነው። እሑድ ያንን የሰማ ልጅ ሰኞ አዳራሹ ውስጥ ባዘጋጀነው የምርመራ ጠረጴዛ አጠገብ አያልፍም። ማንም አያስቆመውም፣ ግን የሚያየው እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ ለጥያቄህ፣ ልትረዳ ትችላለች፤ ስትሰብክ የምትለውና ጠረጴዛው ላይ የምትለው እንደሚያያዝ ካወቀች።

በጥቁሮቹ ማኅበረሰብ ውስጥ ብዙ ሐበሻ የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ከቤት የተባረሩ ልጆች የራሳቸውን ቤተሰብ አቋቁመዋል። «ቤት» ይሉታል። እናት አለው፣ አባት አለው፣ በደም ግን አይዛመዱም። የዳንስና የአለባበስ ውድድር ያዘጋጃሉ። አዳራሹ ጥግ ላይ የምርመራ ጠረጴዛ ይቀመጣል። የቤቱ እናት «ዛሬ ሁላችሁም ትመረመራላችሁ፣ እኔም እመረመራለሁ» ካለች ይሰለፋሉ። ፖዚቲቭ የሆነውን ልጅ ይዛ ክሊኒክ የምትሄደው እሷ ናት። እኛ ባለሙያዎቹ በብዙ ወጪ የማናገኘውን እምነት እሷ አላት።

ዲሲ ውስጥም ጆርጂያ አቬኑ ላይ አስ ሄልፒንግ አስ የሚባል ድርጅት አለ። በ1985 ጥቁር ጌይ ወንዶች እርስ በርስ ለመደጋገፍ የጀመሩት ነው። ብዙ ሐበሻ በዚያ መንገድ በየቀኑ ያልፋል።

አስተርጓሚዋ

እኔ በስልክ ለክሊኒኮች አማርኛ አስተረጉማለሁ። ሰላም፣ ያልሽውን «ውጤቱን ይዘውለት የሚሄዱለት ሰው» ነገር እኔ በሌላ በኩል አየዋለሁ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ «ከወንድ ጋር፣ ከሴት ጋር፣ ወይስ ከሁለቱም ጋር?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ወደ አማርኛ ስመልሰው መስመሩ ላይ ዝም ይላል። ከዚያ «ከሚስቴ ጋር» የሚል መልስ ይመጣል። አንዳንዴ ከዝምታው ቀጥሎ አጠር ያለ ሳቅ ይሰማል። ሰውየው ለሐኪሙ ሊነግረው ይችል ይሆናል። የሚፈራው እኔን ነው። ድምፄን ሰምቶ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ የት እንደምኖር ያስባል። አገር ቤት የወንድ ከወንድ ግንኙነትን ሕጉ ራሱ ወንጀል ያደርገዋል፤ ያንን ፍርሃት ይዞ ነው የመጣው።

እኛ ምስጢር መጠበቅ ግዴታችን ነው፤ ይህን ግን ማንም አይነግራቸውም። አሁን ከመጀመሬ በፊት ሐኪሙን አስፈቅጄ «ስሜን አትጠይቁኝ፣ ስማችሁንም አልይዝም፣ የሰማሁትን ለማንም አልናገርም» እላለሁ። ክሊኒኮች ደግሞ ከሌላ ክፍለ ግዛት አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። ታካሚውም መጠየቅ ይችላል።

ሌላ ደጋግሜ የምሰማው፦ «እኔ ኤምባሲ ስገባ ተመርምሬአለሁ።» በዲቪም በቤተሰብም የመጡ ይህን ይላሉ። ከጥር 2010 ጀምሮ ግን የኤች አይ ቪ ምርመራ ከኢሚግሬሽን የጤና ምርመራ ወጥቷል። ደም ሰጥተው ሊሆን ይችላል፣ ለሌላ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው በዚያ ተማምኖ እንዳይቀመጥ።

አጥናፍ_ዳላስ

የኤምባሲውን ነገር አላውቅም ነበር፣ እናመሰግናለን። ስለ እምነት ማጣት ስታወሩ ሁልጊዜ ተስኪጊ ይነሣል። እሱ ስንት ዘመኑ ነው? ዛሬ ሃያ ዓመት የሆነው ልጅ ያንን አስቦ ነው የማይመረመረው?

የጤና_ተማሪ_አትላንታ

ለማያውቁት፣ ተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 አላባማ ውስጥ የተካሄደ የመንግሥት ጥናት ነው። ቂጥኝ የነበረባቸው 399 ጥቁር ወንዶች ሳይታከሙ በሽታው እስከ መጨረሻው እንዲታይባቸው ተደረገ። ፔኒሲሊን መድኃኒትነቱ ታውቆ በየቦታው ሲሰጥ እንኳ ለእነሱ ተከለከለ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1997 ይቅርታ ጠይቀዋል።

አጥናፍ፣ በከፊል እስማማለሁ። ልጁ ስሙን እንኳ ላያውቀው ይችላል። ግን አያቱ «ሐኪም አትመን» ስትል አድጓል። እሱም ራሱ ድንገተኛ ክፍል ሄዶ ሕመሙን ያላመነው አጋጥሞታል። ስም_አይጠቀስ የጻፈውን ዓይነት ጥያቄ ተጠይቋል። እኔ ክብደቱን ለዛሬው ነው የምሰጠው። ተስኪጊን ብቻ ካነሣን ጥፋቱን ለሞቱት ሰጥተን ዛሬ ያለው ሐኪም ነፃ ይወጣል።

ከዚህ በላይ የሚያስፈራ ነገር ደግሞ አለ፣ ሕጉ። በርካታ ክፍለ ግዛቶች ከኤች አይ ቪ ጋር የተያያዘ የወንጀል ሕግ አላቸው። ብዙዎቹ የወጡት ውጤታማ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ነው። ቫይረሱ እንዳለበት እያወቀ ለጓደኛው ያልነገረ ሰው ሊከሰስ ይችላል፣ አንዳንድ ቦታ ቫይረሱ ባይተላለፍም። ያላወቀ ሰው ግን አይከሰስም። ፖሊስ በየመንገዱ የሚያስቆመው ጥቁር ወጣት ይህን ሲሰማ ምን ያስባል? «ካላወቅኩ አይከሱኝም።» ሕጉ ራሱ አትመርመር እያለው ነው። ኢሊኖይ በ2021 ሕጉን ሙሉ በሙሉ ሰርዛለች። ሌሎቹም ቢከተሉ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ችግሮቹ ተነጣጥለው አይመጡም። ሮን ስቶልና ባልደረቦቹ በ2003 ባሳተሙት ጥናት ድብርት፣ የልጅነት ጥቃት፣ ከፍቅረኛ የሚደርስ ዱላና ዕፅ የተደራረቡባቸው ወንዶች ቫይረሱ የሚገኝባቸው ዕድል በችግሮቹ ብዛት ልክ ይጨምር እንደነበር አሳይተዋል። በጥቁሮቹ ላይ ዘረኝነት፣ እስር፣ የቤት ኪራይ ማጣት ይጨመርበታል። ደቡብ ደግሞ የባሰ ነው። በአገሪቱ አዲስ ከሚገኙት ግማሽ ያህሉ ደቡብ ውስጥ ናቸው። አንተ ያለህበት ቴክሳስ፣ እኔ ያለሁበት ጆርጂያ ሜዲኬይድን፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ካላስፋፉት ውስጥ ናቸው። ሥራ ያለው፣ ኢንሹራንስ ግን የሌለው ልጅ «ቢገኝብኝ በምን ልታከም?» ብሎ ነው የሚቀረው። በእርግጥ ራያን ዋይት የሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም ኢንሹራንስ የሌላቸውን ያሳክማል። ይህን ግን ከመመርመሩ በፊት ሊሰማው ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከውጤቱ በኋላ ነው።

እናት_ነኝ

ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ወንድ ልጅ አለኝ፣ ኮሌጅ ነው። ምንም አልነገረኝም። እናት ግን ታውቃለች። መጠየቅ እፈራለሁ፤ ብጠይቀው ይርቀኛል ብዬ። እንዲመረመር እንዴት ልንገረው? በዚህ በሽታ አዲስ አበባ ወንድሜን ቀብሬአለሁ። መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ስም_አይጠቀስ

እማማ፣ ይህን ጽሑፍዎን እናቴ ጽፋው ቢሆን ብዬ ተመኘሁ።

«አንተ እንዲህ ነህ ወይ?» ብለው አይጠይቁት። ሲዘጋጅ ራሱ ይነግርዎታል። ስለ ወንድምዎ ያጫውቱት። እንዴት እንደሞተ ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ይንገሩት፣ እንደሚወዱት፣ እንደማያፍሩበት። ከዚያ «ዛሬ መድኃኒት አለ፣ እኔም ለዓመታዊ ምርመራዬ ስሄድ ይህንንም እጠይቃለሁ፣ አንተም ጠይቅ» ይበሉት። ደግሞም የኢንሹራንሱ ደብዳቤ በስሙ ከመጣ ሳይከፍቱ ክፍሉ ያስቀምጡለት። አይተው እንዳልከፈቱት ያውቃል። የቤቱ ሰው ስለ ሌላ ሰው ሲቀልድ አለመሳቅዎም ይታየዋል፤ እኛ የምንቆጥረው እንደዚያ ያለውን ነው።

ፋርማሲስቱ

እኔ ወደ ተግባሩ ልግባ፤ በውስጥ መልእክት የጠየቃችሁኝ አላችሁ።

ምርመራ ከተጋለጡበት ቀን በኋላ ወዲያው አያሳይም። ከደም ሥር ተወስዶ ላቦራቶሪ የሚላከው፣ አንቲጅንን (የቫይረሱን ክፍል) እና አንቲቦዲን (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን) አንድ ላይ የሚያየው፣ ከ18 እስከ 45 ቀን ውስጥ ያሳያል። በጣት ደም ወይም በአፍ ፈሳሽ የሚሠራው ፈጣን የአንቲቦዲ ምርመራ ከ23 እስከ 90 ቀን ይፈልጋል። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ከ10 እስከ 33 ቀን። ስለዚህ ትናንት ተጋልጦ ዛሬ ነጌቲቭ የሆነ ሰው እፎይ እንዳይል።

ትናንት የተጋለጠ ሰው የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው። ፔፕ ይባላል። በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ነው። ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፣ ቀጠሮ አይጠብቅ።

ከመጋለጥ በፊት የሚወሰደው ፕሬፕ ነው። ክኒኑ በ2012 ተፈቀደ። በ2021 መጨረሻ በየሁለት ወሩ የሚወጋ መርፌ መጣ። በሰኔ 2025 ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋ ሌናካፓቪር ተፈቀደ። ክኒን ቤት ውስጥ መደበቅ ለሚቸገር ልጅ መርፌው ትልቅ ነገር ነው፤ ትራስ ሥር የሚገኝ ብልቃጥ የለም። እነዚህን ለመጀመር መመርመር ግዴታ ነው። ጌይና ባይሴክሹዋል ወንዶች ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲመረመሩ ይመከራል፤ በየሦስትና በየስድስት ወሩ ቢያደርጉት የሚጠቅማቸውም አሉ።

አዲስ_ገብ

ሰላም፣ የተመዘገብኩት ለዚህ ክር ነው። የምኖረው ከአገሬ ልጆች ጋር ነው፣ ክፍል እንጋራለን። ክሊኒክ መሄድ አልችልም። ቤት የሚሠራው ይታመናል? ፖስታውስ ላይ ምን ተጽፎበት ነው የሚመጣው?

ሰላም_ከዲሲ

እንኳን ደህና መጣህ። ይታመናል፣ በትክክል ከተሠራ። በአፍ ፈሳሽ የሚሠራውን ፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጠዋል። ላይኛውንና ታችኛውን ድድህን በመመርመሪያው ዘንግ አንድ አንድ ጊዜ ጠርገህ ዘንጉን አብሮ የሚመጣው ፈሳሽ ውስጥ ታቆመዋለህ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ታነባለህ፤ 40 ደቂቃ ሳያልፍ ግን። ድድህን ከመጥረግህ በፊት ለ15 ደቂቃ ምንም አትብላ፣ አትጠጣ። አንድ መስመር ነጌቲቭ ነው። ሁለት መስመር ከመጣ፣ ሁለተኛው ቢደበዝዝም፣ ላቦራቶሪ ማረጋገጥ አለበት። ፋርማሲስቱ የጻፈውን የ90 ቀኑን ነገር አትርሳ።

በፖስታ የሚልኩ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ በተራ ካርቶን ነው የሚልኩት፣ ላዩ ላይ ስለ ኤች አይ ቪ አይጻፍም። ዲሲ ከሆንክ የከተማው ጤና ቢሮ በነፃ ቤት ድረስ ይልካል። ቤት መቀበል ካልፈለግክ ፋርማሲ ገዝተህ መኪናህ ውስጥም ልትሠራው ትችላለህ። ውጤቱን ስታነብ ብቻህን መሆን ካልፈለግክ የውስጥ መልእክት ላክልኝ፣ ሰዓት እንቀጣጠርና ስልክ ላይ አብሬህ እሆናለሁ። ስምህን መንገር የለብህም።

ስም_አይጠቀስ

እኔም አለሁ። ሐበሻ ያልሆነ ሰው ብታናግር ከቀለለህም ንገረን፣ እናገናኝሃለን።